ምስክር ይዤ ቀይ ቀበሮ ፍለጋ

መጀመሪያ ጥፋቴን ላውራ። ጌጃ ሰፈር ውስጥ ከአባቴ የወረስኳት አንዲት ፎቶ ቤት አለችኝ፤ በአባቴ ስም «ፎቶ ወርቁ» ትባላለች። ጉርድ ፎቶ፣ ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ የመጣውን እናነሳለን። መስኮቷ ላይ ለስምንት ዓመት የተሰቀለ ትልቅ ፎቶ ነበረኝ፤ ከደብረ ብርሃን ሰርግ ስመለስ ወደ ማታ ገደማ በሚኒባስ መስኮት ያነሳሁት ቀይ ቀበሮ። ማለቴ፣ ቀይ ቀበሮ ነው ብዬ ለመጣው ለሄደው ስምንት ዓመት ያወራሁለት። ባለፈው ክረምት ጉርድ ልትነሳ የመጣች አንዲት ተማሪ ወረፋ ስትጠብቅ ፎቶዬን በስልኳ አንስታ፣ አጉልታ አጉልታ ስታየው ቆየችና፣

«ጋሼ፣ ቀበሮው አንገት ላይ ያለው ገመድ ምንድነው?» አለችኝ።

መነጽሬን አድርጌ አየሁ። ገመድ ነው። ውሻ ነው። ያውም የታሰረ ውሻ።

ከዚያ ወዲያ ሰፈር ውስጥ ኑሮ የለኝም። ልጆቹ «ውሻ ፎቶ ቤት» ብለው ሰየሙኝ። አብነት ሰፈር ድረስ ወሬው ደርሶ፣ ሙሽሮች ሊዋዋሉ ሲመጡ ገና ከበሩ «ያ ውሻውን ቀበሮ ያለው ሰውዬ እርስዎ ነዎት?» ይሉኛል። ሚስቴ አስቴር እንኳ አልማረችኝም። «ስምንት ዓመት አቧራ ስጠርግለት የኖርኩት የሰው ውሻ ነው?» አለች።

በጥቅምት የእድር ስብሰባ ላይ ደግሞ፣ አጀንዳው ስለ ድንኳን ነበር፣ አንዱ ከኋላ «ው! ው!» ብሎ ጮኸ። ደሜ ፈላ። ተነሳሁና፣ «እስከ ህዳር ስብሰባ እውነተኛውን ቀይ ቀበሮ በገዛ እጄ አንስቼ አመጣለሁ! ካላመጣሁ ታፔላዬ ላይ የአባቴን ስም ፍቄ ውሻ ፎቶ ቤት ብዬ እጽፋለሁ!» አልኩ። ሰው ከተናገረ በኋላ ነው የተናገረውን የሚሰማው። 

«ከኢንተርኔት አውርዶ ቢያመጣስ?» አለ ያው የሚጮኸው ሰውዬ።

«ምስክር አብሮት ይሂዳ» አሉ የእድሩ ሊቀመንበር። አዳራሹ በሙሉ ወደ አንድ ሰው ዞረ፤ ወደ ጋሽ መኮንን።

ጋሽ መኮንን ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። ልደታ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ሰፈሩ ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ሲዋዋል የሚፈርሙ ሰው ናቸው። «ዝናብ ሊመጣ ነው» ብትሏቸው «አይተህ ነው ሰምተህ?» ይላሉ። አምስት ቀን ሙሉ፣ ቀንና ማታ፣ ከእሳቸው ጋር። እንግዲህ እግዜር ያሳያችሁ።

ማክሰኞ

ጎህ ሳይቀድ ጠመንጃ ያዥ ታክሲ ተራ ተገናኘን። ጋሽ መኮንን ጋቢ፣ ጃንጥላ፣ ፔርሙዝ እና አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ይዘው ቆመዋል። ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ፣

«ካርዱን አሳየኝ» አሉ።

«የቱን ካርድ ጋሼ?»

«የካሜራውን ነዋ። ባዶ መሆኑን ሳላረጋግጥ ከዚህ አልነቃነቅም።»

ከፍቼ አሳየኋቸው። ደብተራቸው ላይ «ባዶ ሆኖ ተገኝቷል» ብለው ጻፉ፤ በስልክ መብራት አስፈረሙኝ። የታክሲው ረዳት «ፋዘር፣ ቀበሌ ነው እንዴ? ግቡ!» እያለ ይጮሃል።

ወደ ባሌ የሚሄደው አውቶብስ ላይ የደረሰን ቦታ ጎማው ላይ ነው። ጉልበቴ አገጬን እየነካ ተጓዝኩ። ፀሐይ ስትወጣ ከአዳማ በኋላ መንገዱ ዳር ወፍ ሞልቷል፤ ሽቦ ላይ፣ ግራር ላይ፣ የበሬ ጀርባ ላይ። መስኮቱን ትንሽ ከፈት አድርጌ ሌንሴን ሳወጣ አውቶብሱ በአንድ አፍ፣

«ዝጋው! ብርድ ልታስመታን ነው እንዴ!»

«አንድ ደቂቃ፣ ወፏን ላንሳ…»

«ወፏ ኋላ ታሳክምሃለች?» አሉ አንዲት ሴትዮ። ጋሽ መኮንን ለእኔ ይፈርዳሉ ብዬ ዞር ስል ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው «እውነታቸውን ነው» አሉ። ዘጋሁ። እስከ አሰላ ያነሳኋቸው ፎቶዎች ሁሉ ላይ ያለው የራሴ አፍንጫ ነው፤ በመስታወቱ ውስጥ፣ ከኋላው ደብዛዛ ስንዴ። የአርሲ ስንዴ ግን ጉድ ነው። እኛ ሰፈር አንድ ክንድ ቦታ ላይ ሦስት ቤት ይሠራል፤ እዚህ ዓይን እስኪደክም አንድ ቤት የለም። ምን አለ ትንሽ ቢያካፍሉን አልኩ።

ወደ አስር ሰዓት የባሌ ተራሮች ፓርክ መግቢያ ያለባት ዲንሾ ገባን። ብርዱ አውቶብሱ በር ላይ ጠበቀን። ያገኘነው ክፍል ሁለት አልጋ አለው፤ የእኔ ፍራሽ መሃሉ እንደ ገበቴ ጎድጉዷል። አንዴ ከገባሁበት በኋላ መገላበጥ የለም፤ እንደ ሊጥ እዚያው ነው። ጋሽ መኮንን ከማዶ አልጋ ሆነው ስለ አንድ የድንበር ክርክር ያወሩልኛል። እንቅልፍ ሲወስደኝ ገና ይግባኝ ላይ ነበሩ።

ረቡዕ

ጠዋት አስጎብኚያችን ሁሴን መጣ። የዲንሾ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ የማይቸኩል ሰው። ገና ከመግቢያው ብዙም ሳንርቅ ኒያላ አገኘን። ኒያላ ማለት ለማታውቁት፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ ትልቅ የደጋ አጋዘን ነው። ሠላሳ ዓመት ሰርግ ያነሳ ሰው አፉ አያርፍም መሰለኝ፣ ሳላስበው፣

«አንገት ቀና… ትንሽ ወደ ግራ… እንደሱ! እንዳትንቀሳቀስ!» አልኩት።

እመኑኝ፣ ቀና አለ። ከስንት ሙሽራ ተሻለኝ። ሁሴን አፉን ይዞ ይስቃል። ልጫን ስል ከኋላዬ ጋሽ መኮንን የሚጽፉትን ጮክ ብለው እያነበቡ፣

«ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ! አንድ ወንድ ኒያላ! በግምት ሃምሳ እርምጃ!»

ኒያላው የለም። ፎቶው ላይ የቀረኝ መቀመጫው ነው።

«ጋሼ፣ በሆድዎ መጻፍ አይችሉም?»

«ሳይነበብ የተጻፈ ቃል ቃል አይደለም» አሉኝ።

ከርከሮዎችን ግን በሰላም አነሳሁ። ከርከሮ ፊቱ አያምርም፤ ግን ሳር ሲግጥ በፊት ጉልበቱ ይንበረከካል። ቁልጭ ያለ ጠጥቶ የገባ ባል ነው የሚመስለው። አንድ መንቁሩ እንደ ማጭድ የተቆለመመ ወፍ ደግሞ ከላያችን እየበረረ የሚያወጣው ድምፅ «ሜክሲኮ ሜክሲኮ ሜክሲኮ» ከሚል ረዳት አይተናነስም። ከሰፈር አመለጥኩ ስል ሰፈር ክንፍ አውጥቶ ተከተለኝ።

ለምሳ ሁሴን ቤቱ ወሰደን። ባለቤቱ ፋጡማ ጭኮ አቀረበች፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅመም ቅቤ የታሸ ነው፤ ሽታው ብቻውን ያጠግባል። ከጎኑ ወተት። እጄን ልሰድ ስል ጋሽ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው» አሏት በትህትና።

እውነቱን ልንገራችሁ። ብቻዬን ብሆን ፈጣሪ ይቅር ይለኝ ነበር። ጋሽ መኮንን ግን ይመዘግቡታል። እጄን መለስኩ። ፋጡማ ቅር ሊላት ነው ብዬ ስሰጋ ሳቀችና፣ «እኔ ነኝ የረሳሁት፤ ጎረቤቶቼም እኮ ይጾማሉ» ብላ ገብስ ቆልታ፣ የሃረና ጫካ ማር በሰሃን አድርጋ አመጣች። ስንወጣ ጭኮውን በላስቲክ ጠቅልላ እጄ ላይ አኖረችው። «ነገ ሐሙስ ነው፤ ትበሉታላችሁ።» እኔ ሰፈር እንግዳ ያቀረብኩለትን አልበላም ቢለኝ እስከ ፋሲካ አኮርፈዋለሁ።

ማታውን ጎባ ገብተን አደርን፤ ሁሴንም አብሮን መጣ።

ሐሙስ

ሁሴን ባገኘልን አሮጌ ቶዮታ ወደ ሳነቴ ወጣን። ሳነቴ ከላይ ሜዳ ነው፤ ሰው የለም፣ ዛፍ የለም፣ እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ያለ ጅብራ የሚባል የደጋ ተክል ብቻ እዚህም እዚያም ቆሟል። ቀይ ቀበሮ ያለው እዚህ ነው፤ አይጥና ፍልፈል እያደነ ነው የሚኖረው። እንጦጦን ከፍታ ነው ብዬ ስኮራ የኖርኩ ሰው፣ እዚህ የጫማዬን ክር ለማሰር ጎንበስ ብዬ ቀና ለማለት ሁለት ጊዜ አረፍኩ።

እስከ ስድስት ሰዓት ጉም ነበር። ጉም ስላችሁ እጄን ዘርግቼ ጣቴን የማላይበት። ጭኮውን በላን፤ ከጠዋት ጀምሮ የሆነልኝ ነገር እሱ ብቻ ነው። ጉሙ ሲገለጥ ሁሴን ክንዴን ያዘኝ።

«ያውልህ። ከድንጋዩ በላይ። ይሄዳል።»

በሌንሱ አየሁ። በጣም ሩቅ፣ አንድ ቀይ ነገር ይንቀሳቀሳል። አነሳሁት፤ አስር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። ካሜራውን ይዤ ወደ ጋሽ መኮንን ሮጥኩ፤ ማለቴ፣ ሦስት እርምጃ ሮጬ የቀረውን ተራመድኩ።

«ይኸው ጋሼ! ቀበሮ!»

መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ አደረጉ።

«ይሄ ነጥብ ነው።»

«ቀበሮ ነው ጋሼ! ሲሄድ አላዩትም?»

«የሚሄድ ነጥብ አይቻለሁ። ቀይ ነው። ቀበሮ ነው ብዬ ግን አልምልም። አንተም ባለፈው ቀይ አይተህ ነው እዚህ የደረስከው።»

ሁሴን ፊቱን አዙሮ ትከሻው ይርገፈገፋል። እውነታቸውን ነው። ከሰዎች ሁሉ የሚያናድደው እውነቱን የያዘው ነው።

ከዚያ ራሴን አመመኝ። ከፍታው ነው አለ ሁሴን። ጎባ ስንደርስ እያቅለሸለሸኝ፣ እየተንቀጠቀጥኩ አልጋ ላይ ወደቅኩ፤ ሌላውን አላውቅም።

ዓርብ

ስነቃ ራሴ ቀሎኛል፤ የጋሽ መኮንን ጋቢ ላዬ ላይ ነው። የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ ጽጌ ሻይ ይዘው ገቡ።

«አባትህ ናቸው? ሌሊቱን ሙሉ ዝንጅብል ሲያስፈሉኝ፣ እርጥብ ጨርቅ ግንባርህ ላይ ሲቀያይሩ አላረፉም። ተኙ ብላቸው እምቢ አሉ።»

ጋሽ መኮንን በር ላይ ሆነው ሰሙ። ዓይናቸው ቀልቷል። «ከሳሹ ከሞተ መዝገቡ ይዘጋል፤ ለዛ ነው» አሉና ጃንጥላቸውን አንስተው ወጡ።

የመጨረሻ ቀናችን ናት፤ እሁድ ስብሰባው ነው። ሁሴን ዛሬ መኪና ይዘን አንዞርም አለ። ሳነቴ ላይ ምድሩ በፍልፈል ጉድጓድ የተበሳሳበት ቦታ ወሰደንና፣ «እዚህ ቁጭ በሉ። ዝም በሉ። ከራበው ይመጣል» አለን። ዝም በሉ ሲል ያየው ጋሽ መኮንንን ነው።

ጋሽ መኮንን አስር እርምጃ ያህል ርቀው አንድ ድንጋይ ተደግፈው ተቀመጡ፤ ደብተራቸው ጭናቸው ላይ፣ እስክሪብቷቸው እጃቸው ላይ፣ ፊታቸው ወደ ጉድጓዶቹ። ፀሐይ ወጣች። ሞቀን። አንድ ሰዓት ሄደ። ወሬያቸው የለም። በአራት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዝምታ ሰማሁ። ዞር ብዬ ሳይ ተኝተዋል። አንገታቸው ወደ ኋላ ተንጋሎ፣ አፋቸው ተከፍቶ፣ ባርኔጣቸው ወድቆ።

መጣ።

ከድንጋዩ በስተጀርባ ብቅ አለ። ረጃጅም እግር፣ እሳት የመሰለ ቀይ ጀርባ፣ ነጭ ጉሮሮ፣ ጭራው ጫፍ ጥቁር። አፉ ላይ ፍልፈል ይዟል። አንገቱን ሁለቴ አየሁ፤ ገመድ የለውም! ቀስ እያለ መጥቶ ከጋሽ መኮንን አምስት እርምጃ ላይ ቆመና፣ አያቸው። እንዲህ ያለ ሰው አይቶ አያውቅም መሰለኝ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ አያቸው።

ልቀስቅሳቸው? ብቀሰቅሳቸው «ማነው!» ብለው ይጮሃሉ፣ ቀበሮው ይሄዳል፣ ፎቶ የለኝም። ባልቀሰቅሳቸው ፎቶ አለኝ፣ ምስክር የለኝም። ሁሴን ትከሻዬን ጨመቀኝ። ጣቴ ቀደመኝ፤ ተጫንኩ። አራት ጊዜ። ከዚያ «ጋሼ!» አልኩ።

ቀበሮው በሁለት ዝላይ ጠፋ። ጋሽ መኮንን ብድግ አሉ።

«ምንድነው? የት አለ?»

«ሄደ።»

«መቼ መጣ?»

ካሜራውን ሰጠኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። ፎቶው፣ ልንገራችሁ፣ በዕድሜዬ ካነሳሁት ሁሉ አንደኛ ነው። ቀበሮው ቁልጭ ብሎ፣ ፀጉሩ ይቆጠራል። ከፊቱ ጋሽ መኮንን አፋቸውን ከፍተው፣ ምራቃቸው በአገጫቸው ወርዶ፣ ደብተራቸው ባዶ ገጽ ላይ እንደተከፈተ። በኢንተርኔት የትም አይገኝም። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ሊቀመንበሩም አይጠይቁ።

«አፌን እንኳ አትዘጋልኝም ነበር?» አሉ ቀስ ብለው። «ያን ሁሉ ዘመን ፍርድ ቤት ስሠራ አንድ ቀን አላንቀላፋሁም» አሉና ካሜራውን መለሱልኝ።  ደብተሩ ላይም ምንም አልጻፉም።

ቅዳሜ

በመመለሻው አውቶብስ ደህና ቦታ አገኘን፤ ጋሽ መኮንን ግን አይናገሩም። ዶዶላ አለፍን፣ ዝም። አሰላ ጥብስ በላን፣ ዝም። አራት ቀን ዝም በሉልኝ ብዬ የለመንኩት ሰውዬ ዝም ሲሉ መቀመጫው ቆረቆረኝ። የሰፈሩን አፍ አውቀዋለሁ። ይሄን ፎቶ ካየ ነገ «ተኚ ምስክር» ነው የሚላቸው፤ ስማቸው እሱ ሆኖ ይቀራል። የተኙት ደግሞ እኔን ሲያስታምሙ አድረው ነው።

«ጋሼ» አልኩ ሞጆ ላይ፣ «ፎቶውን አላሳይም።»

«ታፔላህስ?»

«ታፔላ ቀለም ነው።» የአባቴ ስም መሆኑ ግን አልጠፋኝም።



እሁድ

የእድሩ አዳራሽ እንደዛ ሞልቶ አይቼው አላውቅም። መዋጮ ሲባል የሚጠፋው ሁሉ ተሰብስቧል። አንዱ ከነቀለሙና ከነብሩሹ ታፔላ ጻፊ ይዞ መጥቷል። ሊቀመንበሩ ጋሽ መኮንንን አስነሱ።

«እሺ ጋሽ መኮንን፣ ቀይ ቀበሮ አይተዋል?»

«አላየሁም።»

አዳራሹ ፈነዳ። «ው! ው!» ከየአቅጣጫው። አስቴር ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ መትተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ተስፋዬ፣ ፎቶ አለህ?»

ካሜራው አንገቴ ላይ ነው። እጄ ሄደ፣ ተመለሰ።

«አልቀናኝም» አልኩ።

«ሐሰት ነው!»

ጋሽ መኮንን አልተቀመጡም ነበር። ድምፃቸው ኒያላውን ያባረረው ያ ድምፅ ነው።

«ቀንቶታል። እኔ አላየሁም ያልኩት እውነት ነው፤ ያላየሁትን አልመሰክርም። ለምን እንዳላየሁ ግን ፎቶው ላይ አለ። አሳያቸው።»

«ጋሼ፣ ይተዉት…»

«አሳያቸው አልኩህ!»

ካሜራው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። መጀመሪያ ከአንድ ጥግ ሳቅ፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። አንዳንዱ እንባውን ይጠርጋል። ያ የሚጮኸው ሰውዬ ወንበር ላይ ወድቋል። ጋሽ መኮንን ካሜራው የመጨረሻው ሰው ጋ እስኪደርስ ቀጥ ብለው ቆሙ። ሁሉም አይቶ ሲጨርስ፣ «ቀበሮ ነው ወይስ ውሻ?» አሉ።

«ቀበሮ ነው!» አለ አዳራሹ።

«እንዲያ ከሆነ ይመዘገብ» ብለው ተቀመጡ።

ከሳምንት በኋላ ፎቶውን አሳትሜ መስኮቱ ላይ ሰቀልኩ። ለእሳቸው ብዬ ግማሹን ቆርጬ ቀበሮውን ብቻ ነው ያስቀረሁት፤ ቆንጆ ሆኖ ወጥቷል። ጋሽ መኮንን ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መስኮቱ ጋ ቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ አደረጉ። በሩን በርግደው ገቡ።

«እኔ የታለሁ?»

«ጋሼ፣ መንገደኛ እንዳይስቅብዎ ብዬ ቆረጥኩዎት።»

«ቆርጠህ አወጣኸኝ?» አሉ ጃንጥላቸውን ወለሉ ላይ እየመቱ። «አንተ ልጅ፣ እኔ ከሌለሁበት ታዲያ ማን ያምንሃል?»